ድምፁ ተመለሰ፤ ጉባኤውስ?

«ሳይኬዴሊክ ትራንስ» የሚለውን ስም ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ላይ አይታችሁታል። ለጥናት፣ ለስፖርት፣ ሐሳብ ለመሰብሰብ እየተባለ የሚቀርብ፣ ግጥም የሌለው፣ አንድ ምት ሳያቋርጥ ለሰዓታት የሚወርድበት ሙዚቃ ነው። በሓድነት የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ስለ ሙዚቃ ውይይት በተነሣ ቁጥር ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ትልልቆቹ «የዓለም ነው» ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ «ቃል እንኳ የለውም፤ ምኑ ነው የዓለም የሚሆነው?» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ሻይ ይመጣና ክርክሩ በእንጥልጥል ይቀራል።

እኔ ከፍርዱ በፊት ታሪኩን እንድታውቁት እወዳለሁ። ታሪኩ ከህንድ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በለንደንና በእስራኤል አልፎ፣ በመጨረሻ እናቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ወዳለው አሮጌ ካሴት ያመጣችኋል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ ወደ እኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው።)

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። «ሳይኬዴሊክ» ሁለት የግሪክ ቃላትን በማጋጠም የተሠራ ሲሆን «ነፍስን የሚገልጥ» እንደ ማለት ነው። ቃሉን በ1956 የፈጠረው ሀምፍሪ ኦዝመንድ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ሙዚቃ አላሰበም፤ ኤል ኤስ ዲ እና እርሱን የመሰሉ አእምሮን የሚለውጡ ዕፆች የሚጠሩበትን ስም እየፈለገ ነበር። «ትራንስ» ደግሞ ሰው ከዕለት አእምሮው ወጥቶ የሚገባበት ሰመመን ነው። ስለዚህ ስሙ ገና ከደጃፉ አንድ ነገር ይናገራል። ትልልቆቻችን የሚጠረጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጎዋ በህንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ግዛት ናት። እስከ 1961 ድረስ በፖርቱጋል ሥር ስለ ነበረች ዛሬም አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ሞልተውባታል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ሂፒዎች አንጁና በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈሩ። አንዳንዶቹ ከቬትናም ጦርነት፣ አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው ኑሮ፣ አንዳንዶቹም ካደጉበት ቤተ ክርስቲያን የሸሹ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በ1951 በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ጊልበርት ሌቪ ነው፤ ዓለም «ጎዋ ጊል» ብሎ ያውቀዋል። ይህ ሰው ከሂንዱ መናንያን ጋር ተቀላቅሎ መነኮሰ፤ የሌሊቱን ጭፈራም እንደ ሥርዓተ አምልኮ ይቆጥረው ነበር። በ2023 እስኪሞት ድረስ ይህን ሐሳቡን አልለወጠም። ይህን ልብ በሉ፤ «ዝም ብሎ ሙዚቃ ነው» የሚለው መልስ፣ ሙዚቃውን ካስጀመሩት ሰዎች የመጣ መልስ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንጁና የሚሰማው ሮክና ሬጌ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሎራን የተባለ ፈረንሳዊና ጓደኞቹ በአውሮፓ የወጡ የኤሌክትሮኒክ ዘፈኖችን እየሰበሰቡ፣ ግጥም ያለበትን ቦታ እየቆረጡ በካሴት ማጫወት ጀመሩ። ሸክላ በዚያ ሙቀት ስለሚጣመም ለባሕር ዳርቻ አይሆንም። ስለዚህ የጎዋ ሙዚቃ ከጅምሩ የካሴት ልጅ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ፣ ሽፋን የሌለው፣ ማን እንደ ሠራው እንኳ በደንብ የማይታወቅ። ዝቅ ብላችሁ ስታነቡ ይህ ነገር ስለ እኛም የተጻፈ ይመስላችኋል።

የድምፁ ምንጭ የሆነችው መሣሪያም ታሪክ አላት። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቲቢ 303 የተባለች ትንሽ ሣጥን ከ1981 እስከ 1984 ሠራ። ዓላማው ብቻውን ለሚለማመድ ጊታሪስት ቤዝ እንድትመታለት ነበር። ግን እንደ ቤዝ ጊታር አልሰማ አለች፤ ገበያ አጣችና ሥራዋ ተቋረጠ። በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ስትገኝ የቺካጎ ወጣቶች ገዝተው፣ ቁልፎቿን በማይጠበቅ መንገድ እያዞሩ፣ እንደ ማልቀስም እንደ መንጫጫትም ያለ ድምፅ አወጡባት። በ1987 ፉቸር የተባለው ቡድን ያወጣው ሥራ ያን ድምፅ ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ ወደ አንጁና ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም።

ሙዚቃው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። ከበሮው በየምቱ እኩል ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ140 እስከ 150 ጊዜ። በሁለት የከበሮ ምቶች መካከል ቤዙ ሦስት ጊዜ ፈጠን ብሎ ይነካል፤ የግልቢያ ስሜት የሚሰጠው ይህ ነው። በላዩ ላይ የሲንተሳይዘር ዜማ ይደረባል። ከስምንት ወይም ከዐሥራ ስድስት ዙር በኋላ ሌላ ይጨመራል፣ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ድምፁ ቀስ እያለ ይከፈታል። ለውጡ ቀስ ያለ ስለሆነ ሰሚው መቼ እንደ ተለወጠ አያውቅም፤ ሲነቃ ሌላ ቦታ ደርሷል።

እንግዳ ነገር መሰላችሁ? ጓይላ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ክቡ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከበሮው አንድ ነገር ይደጋግማል፤ ክራሩም ያንኑ ሐረግ ይመላለስበታል። ከቆይታ በኋላ ከበሮው ይፈጥናል፤ ሰው ፊት ለፊት ይቆምና ትከሻ ይነሣል። በአክሱም የያሬድን ዜማ በወረሱት ሊቃውንት ዘንድም ማኅሌቱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ መረግዱ ረጋ ይላል፣ ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ከበሮውም ጭብጨባውም ይፈጥናል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ነው የሚያደርጉት፤ መቋሚያው ለዚሁ ነው። የእኛም አዳር ጸሎት ላይ አንድ አዝማች ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ምን እንደሚሆን አትነግሩኝም። ድግግሞሽና ቀስ በቀስ መጨመር የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ከበሮን በየምቱ እኩል መምታት ብቻውን ሰውን አያረክስም። በዚህ ላይ ከልጆቹ ጋር ነኝ።

ግን ልዩነት አለ። ጓይላ ላይ የማን ሠርግ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፊት ለፊታችሁ የቆመችው የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ስታበዙት «በቃ ልጄ» የሚል ሽማግሌ አጠገባችሁ አለ። ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ የሚሟገተው ዝማሬው አእምሮን ጥሎ እንዳይሄድ፣ አጠገብ ያለውም ሰው «አሜን» ማለት እንዲችል ነው። የአንጁና ጭፈራ ግን ራስን መርሳትን ዓላማው አድርጎ፣ ብዙ ጊዜም በዕፅ ታግዞ የተሠራ ነበር። ዕፁ ከሙዚቃው ጋር በአጋጣሚ የተገናኘ ጎረቤት አልነበረም። በሌላ በኩል፣ ዛሬ ሙዚቃውን ሒሳብ እየሠራ የሚሰማ ተማሪ ሁሉ ያንን ሥርዓት ፈጽሟል ማለትም ሐሰት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነገሩ «ጎዋ ትራንስ» የሚል ስም አገኘና ወደ ገበያ ወጣ። በለንደን ድራገንፍላይ በ1993፣ ቲፕ ደግሞ በ1994 ተከፈቱ። በ1995 ሳይመን ፖስፎርድ የተባለ ወጣት «ሃሉሲኖጅን» በሚል ስም ያወጣው አልበም የዘመኑ መለኪያ ሆነ። እዚህ ድረስ ታሪኩ የማንኛውም ሙዚቃ ታሪክ ነው። እኔን ቆም ያደረገኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

በእስራኤል ወጣቶች ትምህርት ሲጨርሱ ለግዳጅ ውትድርና ይገባሉ። ሲወጡ ብዙዎቹ ቦርሳ አንግበው ለወራት ይጓዛሉ። እስራኤልና ህንድ ሙሉ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የጀመሩት በ1992 ነው፤ ከዚያ በኋላ የእነዚህ ወጣቶች ጎርፍ ወደ ህንድ፣ ብዙውም ወደ ጎዋ ሆነ። የሃያ አንድና የሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው፤ መሣሪያ ካስረከቡ ገና ወራቸው ነው። ያዩትን የሚናገሩበት ቃል የላቸውም፤ እንዲናገሩም የጠየቃቸው የለም። እዚያ ቃል የሌለው ሙዚቃ ጠበቃቸው። ይዘውት ተመለሱ፤ እስራኤልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዚህ ሙዚቃ ዋና አገር ሆነች። አስትራል ፕሮጀክሽን የተባለው ቡድን ከዚያው ነው የወጣው። ኢንፌክትድ መሽሩም የተባሉትም ከዚያው ናቸው፤ በ1999 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጉባኤው» ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ ከጦርነት ወጥቶ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለምን እንደሚፈልግ በመቐለ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ቃል ያለው ዘፈን ሁሉ ወይ ያስታውሳችኋል፣ ወይ ወገን እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል፣ ወይ ያለ ጊዜው ደስ እንዲላችሁ ያዝዛችኋል። ቃል የሌለው ግን ምንም አይጠይቅም። አንዱ ወንድማችሁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሌሊቱን ሲያድር ብታዩት፣ ስለ ሙዚቃው ዓይነት ከመጠየቃችሁ በፊት ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ብትጠይቁት ይሻላል። ሳኦል በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት እንደ ነበር በአንደኛ ሳሙኤል 16 አንብባችኋል። እዚያ ላይ የምትረሳ አንዲት ነገር አለች፤ ሳኦል ብቻውን አልነበረም፤ በገናውን የሚመታው ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1998 ገደማ የጎዋ ትራንስ ገበያ ወደቀ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዜማ ደረበ፤ ሰሚውም ሰለቸ። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃው ተከፋፈለ። «ፉል ኦን» የሚባለው በእስራኤል ዳበረ፤ ቤዙ ወፍራም፣ ስሜቱ ብሩህ ነው። በስካንዲኔቪያ ረጋ ያለው «ፕሮግረሲቭ» ወጣ። በጀርመንና በሩሲያ ጨለማውን የመረጡ «ዳርክ» ያሉትን ሠሩ፤ ከዚያም እንደ ጫካ ሌሊት የሚንሾካሾከው «ፎረስት» መጣ፤ እነዚህ በደቂቃ ከ150 ምት በላይ ይሮጣሉ። ፊንላንዳውያን በቀልድና በግርግር የተሞላ የራሳቸውን አመጡ። ጭፈራው የደከማቸው ደግሞ ከበሮውን አስወጥተው ተቀምጦ የሚሰማ አደረጉት። ከዚያም የልጅ ልጆች፣ የልጅ ልጅ ልጆች። ስሞቹን ሁሉ መያዝ አያስፈልግም፤ የሃይማኖት ክፍልፋዮችን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያውን እሳት የያዝኩት እኔ ነኝ ይላል።

በ2000 ደግሞ የህንድ መንግሥት በድምፅ ብክለት ላይ ሕግ አወጣ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ውጭ ድምፅ ማጉያ ተከለከለ። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ሌሊቱን የሚቆየው ጉባኤ፣ ሌሊቱን አጣ።

መነቃቃቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከህንድ ሳይሆን ከቤልጅየም ነው። በ2004 ሰንትሪፕ የተባለ ትንሽ አሳታሚ ተቋቁሞ የ1990ዎቹን ዜማ በአዲስ ልጆች እጅ ማሠራት ጀመረ። አድማጮቹ ያልታተሙ የድሮ ቅጂዎችን ከየሰው ጓዳ እየፈለጉ አወጡ። ሮላንድም በ2016 ያቺን የተጣለች ሣጥን በአዲስ መልክ መልሶ ሠራት። ዛሬ በ1995 በለንደን የተሠራውንና በቅርቡ የተሠራውን ለይቶ ለመናገር ሰልጠን ያለ ጆሮ ያስፈልጋል። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። አንጁና ግን አልተመለሰችም። ያን ሌሊት የሚያውቁት አርጅተዋል ወይም ሞተዋል፤ አዲሶቹ ልጆች የወረሱት ዜማውን ነው። ያ ጉባኤ ብዙ ዕፅና ብዙ ስሕተት ያለበት ስለ ነበረ አልተመለሰም ብዬ አላለቅስም። ግን ሕጉን ያዙልኝ፤ ድምፅ በካሴት ይሻገራል፣ ሰዎቹ የተሰበሰቡበት ምክንያት ግን አብሮ ላይሻገር ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

በአዲስ አበባም ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር ሙዚቃ ነበረ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀ። ሰዓት እላፊን ለእናንተ አልተረጉምም። በሂልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ ሲጫወት፣ ሰዓቱ ያለፈበት እንግዳ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም ይጫወታል። ኪቦርዱን የሚጫወተው በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለደው፣ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል የገባውና አኮርዲዮንን በራሱ የተማረው ኃይሉ መርጊያ ነበር። በ1981 ባንዱ ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ።

በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ተቀመጠ። ባንድ የለውም። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ ማሽን አንድ ላይ አድርጎ የቆዩ የአገር ቤት ዜማዎችን በካሴት ቀረጸ። ግጥም የለውም። ማሽኑ አንድ ምት ይደጋግማል፣ ቤዙ ይመላለሳል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ ቀስ ብሎ ይዞራል። በጎዋ ሎራንና ጓደኞቹ ካሴት ሲቆርጡ በነበሩበት በዚያው ዘመን መሆኑ ያስገርመኛል፤ አንዱ ስለ ሌላው ምንም አያውቅም። እነዚያ ራሳቸውን ለመርሳት ሲደግሙ፣ ይህ አገሩን ላለመርሳት ደገመ።

ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠ፤ ከጊዜ በኋላም ተረሳ። ኃይሉ መድረክን በ1991 አካባቢ ተወ፤ በኋላም በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በታክሲው ኮፈን ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይይዝ ነበር፤ ተራው እስኪደርስ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመዳል። ሰሚ የለም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ በባሕር ዳር ያንን ካሴት አግኝቶ ሰውየውን እስኪያፈላልግ ድረስ። በ2013 ካሴቱ እንደ ገና ታተመ፤ ኃይሉ በስልሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜው ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። ይህ መነቃቃት ከቤልጅየሙ የሚለይበት ነገር፣ ድምፁ ሲመለስ ሰውየውም በሕይወት ኖሮ አብሮ መመለሱ ነው። «ይህን ለምን ሠራኸው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው መልስ የሚሰጠው አለ።

ቀጥለው የመጡት ወጣቶች ይህ የገባቸው ይመስለኛል። እንደገና ሙሉ (ለመነቃቃት ታሪክ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም) እና ሚካኤል ሰይፉ ከ2014 ጀምሮ በኮምፒውተር የሠሩትን ሙዚቃ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠሩት። መሰንቆውን፣ ክራሩን፣ የአዝማሪውን ድምፅ ወስደው ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሐዱ፤ የሚካኤል የ2016 ሥራ «ዘላለም» ይባላል። የውጭውን ምት አምጥተው በላዩ ላይ የእኛን ዜማ እንደ ቅመም አልበተኑም፤ ከዜማው ተነሥተው ምቱን ፈለጉ። የትግርኛውን ብንመለከት፣ ክራሩን ይዞ ትግርኛ የማያውቀውን ሁሉ ያስደመመው ኪሮስ ዓለማየሁ በ1994 ቢያርፍም፣ ጓይላው በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ቀጥሏል። በየሠርጉ የምትሰሙት ነው፤ ማንም «ኤሌክትሮኒክ» ብሎ አይጠራውም እንጂ፣ ነው።

የእኛ የመዝሙር ታሪክም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ካሴት ላይ ነው የተቀረጸው። የወንጌል ብሥራት ድምፅ ሬዲዮ ከ1963 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዝማሬ ያሰራጭ ነበር፤ በ1977 ደርግ ወረሰው። በ1979 የመካነ ኢየሱሱ ጉዲና ቱምሳ ከመንገድ ተወስደው ተገደሉ። በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ምእመናኑ ወደ ቤት ለቤት ኅብረት ገቡ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። አኮርዲዮንና ጊታር ይዘው ያደጉት መዘምራን፣ ኃይሉ ሂልተን ውስጥ ሲያድር፣ እነርሱ መጋረጃ በተጋረደበት ሳሎን ውስጥ ያድሩ ነበር፤ በዚያው ሰዓት እላፊ ምክንያት። ገብተው ከሆነ እስኪነጋ መውጣት የለም። አብዮት ጥበቃ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ካሴቱ ይቀረጻል፣ ይገለበጣል፣ በቅርጫት ሥር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። አንዱ ካሴት አሥር ጊዜ ሲገለበጥ ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ድምፁ ይርቃል፤ እናቶቻችሁ ግን በዚያ ሹክሹክታ ውስጥ ቃሉን ለይተው ያዙት።

ዛሬ እነዚያ መዝሙሮች እየተነሡ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በላፕቶፕ ያቀናብሯቸዋል፤ ከበሮው በየምቱ እኩል ይወድቃል፣ ቤዙ ይጋልባል፣ ድምፁ ቀስ እያለ ይከፈትና አዝማቹ ላይ ይፈነዳል። አሁን ይህ ዘዴ ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ። ትልልቆቻችን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። በምቱ ምክንያት ከሆነ አልስማማም፤ ጓይላውንም ጽፋቱንም ያመጣሁት ለዚህ ነው። ግን ሌላ ነገር ሰምተው ከሆነስ? በሹክሹክታ የተዘመረ፣ ለታሰረ ወንድም የተጻፈ ቃል በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሲያልፍ፣ ዘሉበት እንጂ ማን ታስሮ እንደ ነበረ የጠየቀ ልጅ የለም። እነርሱን የሚያማቸው ይህ ይመስለኛል፤ ሲናገሩት ግን «ምቱ የዓለም ነው» ብለው ይናገሩታል፤ ሌላ ቃል ስላላገኙለት።

አቀናባሪው ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። ካሴቱ ሲደርሰው ማንም አልነገረውም። የቤልጅየሞቹ ልጆች ወደ አንጁና መመለስ አይችሉም። የእኛ ግን በደለሱ ታክሲ ነጂ ቦታ ነው፤ ብዙዎቹ ዘማሪዎችና በዚያ ሳሎን ያደሩት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ እሑድ እሑድ ከኋላችሁ ይቀመጣሉ።

ለእናንተም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 ባሉት ዓመታት ስልክ፣ ባንክና መብራት በጠፋበት ጊዜ፣ መዝሙር በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ ባትሪ ሲያልቅ በቃል ተዘመረ። በዚያ ጊዜ በሻማ የዘመራችሁት አለ፤ አንዳንዱ እዚሁ የተወለደ ነው፣ ስቱዲዮም አልገባም። በ2045 አንድ ልጅ ያንን ፋይል አግኝቶ በዘመኑ ምት ያቀናብረዋል። ዜማውን ያገኛል። ያን ምሽት ዱቄት ያካፈለቻችሁን ሴት፣ ከመሃላችሁ ያልተመለሰውን ልጅ ስም፣ ማን ጸልዮ እንደ ዘጋ፣ ይህን ከፋይሉ ውስጥ አያገኘውም።

ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በቤታችሁ አሮጌ የመዝሙር ካሴት ካለ ወዲያው አታጫውቱት። ቴፑ ከቆየ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ጥቂት ዙር አላቁት፣ ከዚያ በማጫወቻው ከዳር እስከ ዳር አጠንጥናችሁ መልሱት። የማጫወቻውን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጥረጉ። ከማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝታችሁ ቅረጹ፤ ሹክሹክታውን ለማጥፋት አትቸኩሉ፣ ቅጂው ሳይነካ አንዱ ይቀመጥ። ሲጫወት የካሴቱ ባለቤት አጠገባችሁ ይቀመጡ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ በየትኛው ቤት እንደ ተቀረጸ፣ ማን በር ይጠብቅ እንደ ነበረ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ጸሎቱ ያለው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው።